ሄሊኮፕተር በበረራ ላይ የሞተርና የሮተር ብልሽት ሲደርስበት የሚወሰዱ የአደጋ ጊዜ እርምጃዎች

ሄሊኮፕተር መንገድ ባልገባባቸው አካባቢዎች እርዳታ ለማድረስ፣ ሕሙማንን ለማንሳት፣ በጎርፍና በአንበጣ የተጎዱ ቦታዎችን ለመቃኘት እንዲሁም የመንግሥት የሥራ ኃላፊዎችን ከቦታ ወደ ቦታ ለማጓጓዝ የሚያገለግል መሣሪያ ነው። ይሁንና በበረራ ላይ ሞተሩ ቢጠፋ አብራሪው ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን ማድረግ እንደማይችል ከሙያው ውጭ ያለው ተሳፋሪ እምብዛም አያውቅም። ሞተሩ የጠፋ ሄሊኮፕተር እንደ ድንጋይ ይወድቃል የሚለው በብዙዎች ዘንድ የተለመደ እምነት ከእውነቱ የራቀ ነው። ሁለት ሞተር ያለው ሄሊኮፕተር አያሰጋም የሚለው አስተሳሰብም እንዲሁ ትክክል አይደለም።

ጉዳዩ ባለሥልጣናትን በቅርብ የሚመለከት ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ብቻ የሱዳን አንደኛ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆን ጋራንግ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2005፣ የኬንያ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትር የነበሩት ጆርጅ ሳይቶቲ በጁን 2012፣ የኬንያ መከላከያ ኃይል አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ፍራንሲስ ኦጎላ በኤፕሪል 2024 ሕይወታቸው ያለፈው በሄሊኮፕተር አደጋ ነው። የእነዚህ አደጋዎች መንስኤ አንድ ነው ባይባልም፣ በሄሊኮፕተር ለሥራ የሚንቀሳቀስ ኃላፊም ሆነ ሄሊኮፕተር የሚከራይ መሥሪያ ቤት ስለ አደጋ ጊዜ እርምጃዎች መሠረታዊ ግንዛቤ ሊኖረው እንደሚገባ ያመለክታሉ።

የሄሊኮፕተር ሮተር ከሞተሩ ጋር ያለው ግንኙነት የብስክሌት የኋላ ጎማ ከፔዳሉ ጋር ካለው ግንኙነት ጋር ይመሳሰላል። ብስክሌተኛው ፔዳል መምታቱን ቢያቆምም ጎማው መሽከርከሩን እንደሚቀጥል ሁሉ፣ ሞተሩ ሲጠፋም በመካከል የሚገኘው ማላቀቂያ ሮተሩን ከሞተሩ ነጻ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ሄሊኮፕተሩ ወደ ታች ሲወርድ ከሥር ወደ ላይ የሚያልፈው አየር፣ ልጆች ከወረቀት ሠርተው ከነፋስ ፊት እንደሚይዙት መሽከርከሪያ፣ ሮተሩን ያሽከረክረዋል። ይህ ያለ ሞተር ኃይል የሚደረግ አወራረድ በሙያው ቋንቋ አውቶሮቴሽን በመባል ይታወቃል።

አውቶሮቴሽን ግን በራሱ የሚመጣ አይደለም፤ አብራሪው በወቅቱ ሊጀምረው ይገባል። አብራሪው በግራ እጁ የሚይዘው ኮሌክቲቭ የተባለ ማንሻ የሁሉም የሮተር ክንፎች ማዕዘን በአንድነት እንዲጨምር ወይም እንዲቀንስ ያደርጋል። ሞተሩ እንደጠፋ የሚወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ ይህን ማንሻ ወደ ታች ማውረድ ነው። ማዕዘኑ ካልተቀነሰ ክንፎቹ በአየሩ ላይ የሚያደርጉት ትግል የሮተሩን ፍጥነት በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይበላዋል፤ ፍጥነቱ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ በኋላ ደግሞ በአየር ላይ መልሶ ማግኘት አይቻልም። እንደ ሮቢንሰን አር-22 ባሉ ቀላል ሄሊኮፕተሮች ለዚህ ውሳኔ ያለው ጊዜ ከሁለት ሰከንድ ያነሰ ነው። የአሜሪካ ፌደራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1995 ለአር-22 እና ለአር-44 አብራሪዎች የተለየ የሥልጠና ግዴታ እንዲወጣ ያደረገውም በእነዚህ ሄሊኮፕተሮች ላይ የሮተር ቁጥጥር ከመጥፋቱ ጋር የተያያዙ አደጋዎች በመደጋገማቸው ነበር።

ኮሌክቲቩ ከወረደ በኋላ አብራሪው ሄሊኮፕተሩ ወደ ጎን እንዳይዞር በፔዳሉ ያስተካክላል፤ ወደ ፊት የመጓዝ ፍጥነቱንም እንደ ሄሊኮፕተሩ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ110 እስከ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ እንዲጸና ያደርጋል። በዚህ ሁኔታ ሄሊኮፕተሩ በደቂቃ ከ450 እስከ 600 ሜትር ገደማ የሚወርድ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ አራት ሜትር ያህል ወደ ፊት ሊጓዝ ይችላል። ይህም ማለት በ300 ሜትር ከፍታ ላይ ሞተሩ የጠፋበት አብራሪ ማረፊያ ለመምረጥ፣ ፊቱን ወደ ነፋሱ ለማዞርና ለመውረድ ያለው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። የሬዲዮ ጥሪ ማድረግና ሞተሩን መልሶ ለማስነሳት መሞከር የሚመጡት ሄሊኮፕተሩን መቆጣጠር ከተቻለ በኋላ፣ ጊዜም ከተረፈ ነው።

የመጨረሻው ክፍል ከሁሉ ይከብዳል። ሄሊኮፕተሩ ከመሬት 15 ሜትር ገደማ ሲቀረው አብራሪው አፍንጫውን ቀና በማድረግ ወደ ፊት የሚጓዝበትንም ሆነ ወደ ታች የሚወርድበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ይህም ሮተሩን ተጨማሪ ፍጥነት ያስገኝለታል። ከዚያም ሄሊኮፕተሩን አስተካክሎ ከመሬት ጥቂት ሜትር ሲቀረው ኮሌክቲቩን ወደ ላይ በመሳብ በሮተሩ ውስጥ የተከማቸውን ኃይል ለማረፊያ ይጠቀምበታል። ኃይሉ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ነው፤ ቀድሞ የሳበው ከፍ ብሎ ይቀርና በኃይል ይወድቃል፣ ዘግይቶ የሳበውም ከመሬት ጋር ይጋጫል። ዘዴው በትክክል ሲከናወን ምን ያህል እንደሚያስኬድ ከሚያሳዩት ምሳሌዎች ዋነኛው የፈረንሳዊው ዣን ቡሌ ነው። ቡሌ እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 1972 በላማ ሄሊኮፕተር 12,442 ሜትር ከፍታ ላይ ደርሰው የዓለም ክብረ ወሰን ከያዙ በኋላ ሞተሩ በመጥፋቱ ያን ሁሉ ከፍታ በአውቶሮቴሽን ወርደው በሰላም አርፈዋል።

ከዚህ እንደሚታየው ከፍታ ለአብራሪው ጊዜ ነው። በመሆኑም እያንዳንዱ የሄሊኮፕተር ዓይነት በበረራ መመሪያው ውስጥ የከፍታና የፍጥነት ሰንጠረዥ አለው። ሰንጠረዡ ሞተር ቢጠፋ በሰላም ማረፍ የማይቻልባቸውን የከፍታና የፍጥነት ጥምረቶች ለይቶ ያሳያል። በአነስተኛ ባለ አንድ ሞተር ሄሊኮፕተሮች ከመሬት ከጥቂት ሜትሮች እስከ መቶ ሜትርና ከዚያም በላይ ባለው ከፍታ ላይ ያለ እንቅስቃሴ ተንጠልጥሎ መቆየት በዚህ ክልል ውስጥ ይወድቃል። በመሬት ላይ የቆመ ተመልካች አስተማማኝ የሚመስለው ዝቅ ብሎ የመንሳፈፍ ሁኔታ በአብራሪው ዓይን ሲታይ አስጊ ነው ማለት ነው። የጎርፍ ጉዳት ለመቃኘት የተሳፈረ ኃላፊ "እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በልልን" ሲል አብራሪው ፈቃደኛ ካልሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ሁለት ሞተር ያላቸውን ሄሊኮፕተሮች በሚመለከት፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ኃይሉን በመጨመር ሮተሩን ያሽከረክራል። ሆኖም በአንድ ሞተር ወደ ፊት መብረር የሚችል ሄሊኮፕተር ሁሉ በአንድ ሞተር ተንጠልጥሎ መቆም ይችላል ማለት አይደለም። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሄሊኮፕተሮች በዚህ ረገድ የሚሰማሩበትን አሠራር በሦስት ደረጃዎች ይከፍለዋል። በአንደኛው ደረጃ የሚሠራ ሄሊኮፕተር አንድ ሞተር በማናቸውም ጊዜ ቢጠፋ ወይ በተነሣበት ቦታ መልሶ ያርፋል፣ ወይ ጉዞውን በሰላም ይቀጥላል። በሁለተኛው ደረጃ በመነሻና በማረፊያ ወቅት፣ በሦስተኛው ደረጃ ደግሞ በማንኛውም የበረራ ክፍል ላይ ተገዶ ማረፍ ሊከተል ይችላል። ሄሊኮፕተር የሚከራይ መሥሪያ ቤት በውሉ ላይ የሞተሩን ብዛት ብቻ ሳይሆን በረራው በየትኛው ደረጃ እንደሚከናወን ቢጠይቅ ተገቢ ይሆናል።

ሁለት ሞተሮችም ቢሆኑ የሚጠጡት ከአንድ ምንጭ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 2013 ሌሊት በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ ለፖሊስ አገልግሎት የሚሰጥ ኢሲ-135 ሄሊኮፕተር ክሉታ በተባለ መጠጥ ቤት ጣራ ላይ ወድቆ በውስጡ የነበሩት ሦስት ሰዎችና በመጠጥ ቤቱ የነበሩ ሰባት ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። የእንግሊዝ የአየር አደጋ ምርመራ ቢሮ እንዳረጋገጠው በዋናው ታንከር ውስጥ 76 ኪሎ ግራም ነዳጅ ቢኖርም፣ ነዳጁን ወደ ሞተሮቹ መጋቢ ታንከሮች የሚልኩት ሁለት ፓምፖች ተዘግተው ነበር። የነዳጅ ማነስ ማስጠንቀቂያው በበረራው ላይ አምስት ጊዜ ታይቷል። መመሪያው በዚህ ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ማረፍን ያዛል፤ ይህ አልተደረገም። አንደኛው ሞተር ከጠፋ ከግማሽ ደቂቃ ገደማ በኋላ ሁለተኛውም ጠፋ። ሄሊኮፕተሩ ጣራውን ሲመታ ሮተሩ አይሽከረከርም ነበር።

በሞተር ላይ የሚነሣ እሳት የራሱ ሥርዓት አለው። የእሳት ማስጠንቀቂያ መብራት በስህተትም ሊበራ ስለሚችል አብራሪው ጭስ፣ የሙቀት መጠን መጨመር ወይም ሌላ ምልክት መኖሩን ያጣራል፤ ከተረጋገጠም የዚያን ሞተር ነዳጅ ዘግቶ ማጥፊያውን ይለቃል፣ ያርፋልም።

የበለጠ ትኩረት የሚሻው የሞተሩን ኃይል ወደ ሮተሩ የሚያስተላልፈው ዋናው የማርሽ ሳጥን ነው። ሞተር ሁለት ሊሆን ይችላል፤ የማርሽ ሳጥን ግን አንድ ነው። ሳጥኑ ዘይት ካጣ ጥርሶቹ እርስ በርስ ተፋጭተው ይግላሉ፣ ይሰበራሉ። በበረራ መመሪያዎች ላይ ለብልሽት የሚሰጡ ትእዛዞች በሦስት የተከፈሉ ሲሆን በመካከላቸው ያለው ልዩነት ተሳፋሪም ቢያውቀው የሚጠቅም ነው። "ወዲያውኑ እረፍ" የሚለው ትእዛዝ ከሥር ያለው ባሕርም ሆነ ደን፣ በረራውን መቀጠል ከዚያ የከፋ አደጋ አለው ማለት ነው። "በተቻለ ፍጥነት እረፍ" ማለት በሰላም ማረፍ በሚቻልበት በአቅራቢያው ባለ የመጀመሪያ ቦታ እረፍ ማለት ሲሆን፣ "ሁኔታው ሲፈቅድ እረፍ" የሚለው ግን የማረፊያውን ቦታና ጊዜ ለአብራሪው ውሳኔ ይተዋል።

ይህ የቃላት ልዩነት የሰው ሕይወት የሚወስን መሆኑን እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2009 በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ጠረፍ የደረሰው አደጋ ያሳያል። ሲኮርስኪ ኤስ-92 የተባለ ሄሊኮፕተር 18 ሰዎችን ይዞ ወደ ባሕር ላይ የነዳጅ ማውጫ ጣቢያዎች ሲጓዝ የማርሽ ሳጥኑ የዘይት ግፊት በድንገት ወደቀ። የካናዳ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባካሄደው ምርመራ የዘይት ማጣሪያውን የያዙ ከቲታኒየም የተሠሩ ብሎኖች ተሰብረው ዘይቱ መፍሰሱ ታውቋል። መመሪያው ግፊቱ ከተወሰነው መጠን በታች ሲወርድ ወዲያውኑ ማረፍን የሚያዝዝ ቢሆንም፣ አብራሪዎቹ ወደ ሴንት ጆንስ ከተማ ለመመለስ በመወሰን 800 ጫማ ወይም 240 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው ጉዞ ቀጠሉ። ሳጥኑ ያለ ዘይት ለ30 ደቂቃ ሊሠራ ይችላል የሚል ግንዛቤ በሙያው ሰዎች ዘንድ የነበረ ሲሆን፣ ለዚህ ሄሊኮፕተር ግን ይህ ብቃት አልተረጋገጠም ነበር። ማስጠንቀቂያው ከታየ ከ11 ደቂቃ ገደማ በኋላ የጅራት ሮተሩን የሚያንቀሳቅሱት ጥርሶች ሥራ አቆሙ። አብራሪዎቹ ሞተሮቹን አጥፍተው በአውቶሮቴሽን ለማረፍ ቢሞክሩም ሄሊኮፕተሩ ውኃውን በኃይል መታ። በሕይወት የተረፈው አንድ ሰው ብቻ ነው።

አደጋው የደረሰው አብራሪዎቹ በበረራው ላይ በወሰዱት ውሳኔ ብቻ አልነበረም። በጁላይ 2008 በአውስትራሊያ ተመሳሳይ ሄሊኮፕተር በተመሳሳይ ብሎኖች መሰበር ምክንያት ተገዶ አርፎ ነበር። አምራቹ ኩባንያ በጃንዋሪ 2009 ብሎኖቹ በብረት ብሎኖች እንዲተኩ ማሳሰቢያ ቢያወጣም ለሥራው የተሰጠው ጊዜ አንድ ዓመት ወይም 1,250 የበረራ ሰዓት ነበር። ከአደጋው በኋላ ግን የአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር ብሎኖቹ ሳይቀየሩ ማንኛውም በረራ እንዳይደረግ አዘዘ። የጊዜ ገደብ የሚጽፍ የቢሮ ሠራተኛ ብዕር ከአብራሪው እጅ ባልተናነሰ ይከብዳል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሦስት ዓመት በኋላ በሰሜን ባሕር የተፈጸመው ግን በተቃራኒው የሚጠቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ እና በኦክቶበር 2012 ሁለት ኢሲ-225 ሄሊኮፕተሮች አንደኛው 14፣ ሁለተኛው 19 ሰዎችን ጭነው ሲበሩ በማርሽ ሳጥናቸው ውስጥ ያለው ዘንግ ተሰንጥቆ የዘይት ግፊት አጡ። አብራሪዎቹ መጠባበቂያውን የማቀዝቀዣ ሥርዓት ቢያስነሡም እርሱም አልሠራም የሚል ማስጠንቀቂያ ታየ። በመመሪያው መሠረት ሁለቱም ሄሊኮፕተሮች ወዲያውኑ ባሕሩ ላይ አረፉ፤ 33ቱም ሰዎች በሕይወት ተረፉ። በኋላ በተደረገው ምርመራ የመጠባበቂያው ማስጠንቀቂያ የተሳሳተ እንደነበር ቢታወቅም፣ በበረራ ላይ ይህን ማረጋገጥ የሚቻልበት መንገድ አልነበረም።

የጅራት ሮተር ተግባር የዋናው ሮተር ሽክርክሪት የሄሊኮፕተሩን አካል በተቃራኒው አቅጣጫ እንዳያዞረው መከላከል ነው። ይህ ሮተር ኃይል ሲያጣ ሄሊኮፕተሩ መዞር ይጀምራል። አዟሪው ከሞተሩ የሚመጣው ኃይል በመሆኑ መፍትሔው ለተሳፋሪ እንግዳ ይመስላል፤ አብራሪው ደህና ሆኖ የሚሠራውን ሞተር ራሱ ያጠፋዋል ወይም ኃይሉን ይቀንሰዋል። ተንጠልጥሎ ባለበት ዝቅተኛ ከፍታ ከሆነ ወዲያውኑ ኃይል ቀንሶ ያርፋል። ወደ ፊት እየበረረ ከሆነ ግን ፍጥነቱ ራሱ በጅራቱ ላይ ባለው ቀጥ ያለ ክንፍ አማካይነት አቅጣጫውን ስለሚያጸናለት ፍጥነቱን ጠብቆ ሰፊና ገላጣ ቦታ ይፈልጋል። ፔዳሉ ከተቆለፈ ብቻ፣ እንደ አውሮፕላን በመንደርደር ማረፍ ይቻላል።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 2018 በእንግሊዝ ሌስተር ከተማ ከእግር ኳስ ስታዲየም የተነሣው ኤደብሊው-169 ሄሊኮፕተር ይህን ዕድል አላገኘም። የጅራት ሮተሩ ኩሽኔታ በመንከሱ ሄሊኮፕተሩ 430 ጫማ ወይም 130 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ገና ፍጥነት ሳይዝ፣ መሽከርከር ጀመረ። የክለቡ ባለቤት ቪቻይ ስሪቫድሃናፕራብሃን ጨምሮ በውስጡ የነበሩት አምስቱም ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። በሴፕቴምበር 2023 ይፋ የሆነው የምርመራ ውጤት ትኩረቱን በአብራሪው ላይ ሳይሆን በኩሽኔታው አሠራርና ቁጥጥር ላይ አድርጓል።

አንዳንድ ብልሽት ደግሞ ምንም ዓይነት እርምጃ የለውም። ኤፕሪል 29 ቀን 2016 በኖርዌይ ቱሮይ አካባቢ በኢሲ-225 የማርሽ ሳጥን ውስጥ አንድ ጥርስ በድካም ተሰንጥቆ ተሰበረ፤ ዋናው ሮተር ከሄሊኮፕተሩ ተላቅቆ ሄደ፤ 13 ሰዎች ሞቱ። አስቀድሞ የታየ ማስጠንቀቂያ አልነበረም። በኤፕሪል 1 ቀን 2009 በስኮትላንድ ጠረፍ 16 ሰዎች በሞቱበት ተመሳሳይ አደጋ ግን ምልክት ተገኝቶ ነበር። ከአደጋው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ በዘይቱ ውስጥ ስባሪ ለመያዝ በተቀመጠ ማግኔት ላይ የብረት ቅንጣት ተይዟል። በጥገና ሠራተኞቹና በአምራቹ መካከል በስልክና በኢሜይል በተደረገው የመልእክት ልውውጥ አለመግባባት በመፈጠሩ ቅንጣቱ የወጣበት ክፍል ተከፍቶ ሳይታይ ሄሊኮፕተሩ በረራውን ቀጠለ።

በአገራችን ሁኔታ ለእነዚህ እርምጃዎች የሚጨመር አንድ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በ2,300 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ቀኑ ሞቃት ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይሳሳል። በሳሳ አየር የሞተሩም የሮተሩም አቅም ይቀንሳል። በአውቶሮቴሽን የሚወረድበት ፍጥነት ይጨምራል፣ ከመሬት ጋር የሚደረገው ግንኙነትም በከፍተኛ ፍጥነት ይሆናል። ሁለት ሞተር ያለው ሄሊኮፕተር በቆላ በአንድ ሞተር የሚሸከመውን ጭነት በደጋ ላይሸከም ይችላል። በመሆኑም ከጋምቤላ ሲነሣ የተፈቀደ የተሳፋሪ ቁጥር በደጋ ማረፊያ ላይ ያለአግባብ የበዛ ሊሆን ይችላል። አብራሪው ሁለት ሰው ይቀነስ ወይም ዕቃው በመኪና ይላክ ሲል የሚያሰላው ይህንኑ ነው። በስብሰባ ሰዓት የተጣደፈ ኃላፊ ይህን ስሌት በሥልጣን ለመለወጥ መሞከሩ በየአገሩ የሚታይ ልማድ ሲሆን፣ በሥልጣን የሚጨመር የሞተር ኃይል ግን የለም።

ተሳፋሪው በበኩሉ የሚፈጽማቸው ተግባራት ጥቂት ናቸው። ከመሳፈሩ በፊት የሚሰጠውን ገለጻ በጥሞና ያዳምጣል፤ የበሩን መክፈቻና የቀበቶውን መፍቻ በእጁ ነክቶ ያረጋግጣል። በአደጋ ጊዜ ቀበቶውን አጥብቆ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ይቀመጣል፤ አብራሪውን በጥያቄ አያጨናንቅም። መሬት ከተነካ በኋላ ሮተሩ እስኪቆም ድረስ ከመቀመጫው አይነሣም፤ ሄሊኮፕተሩ ተዳፋት ላይ ካረፈ በቁልቁለቱ በኩል ይወጣል፤ በማናቸውም ሁኔታ ወደ ጅራቱ አይሄድም። በውኃ ላይ ካረፈ መውጫውን በአንድ እጁ እንደያዘ ይቆያል፤ የነፍስ አድን ሰደሪያውን በአየር የሚሞላውም ከሄሊኮፕተሩ ከወጣ በኋላ ነው፤ በውስጥ የተነፋ ሰደሪያ ወደ ጣሪያው አንሳፍፎ ከበሩ ያርቀዋልና።